ከወስፌ እስከ ዚግዛግ፦ የስፌት ታሪክና የማኅበራችን ሲንጀሮች



ባለፈው ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ማልያና ቱታ ሰፍተን ማስረከባችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያስረከብነው ሥራ እንዴት እንደተመለሰልንም ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ አንዱን ጨዋታ ሳይጨርሱ ማልያው ብብቱና ትከሻው ላይ፣ ቱታው ደግሞ መቀመጫው ላይ ተተረተረ። ጨርቁ አልተቀደደም፤ የተበጠሰው ክሩ ነው። ገንዘቡን መለስን፣ የጨርቁንም ወጪ ከቁጠባችን ሸፈንን። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈረን ግን ገበያ ላይ «የሴቶቹ ስፌት» እየተባለ መሳቂያ መሆናችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባችን ሁለት ሐሳብ ተነሥቷል። አንደኛው ሁለቱን የእግር ሲንጀሮቻችንን ሸጠን በገንዘቡ አንድ ኦቨርሎክ እንግዛ ይላል። ሁለተኛው ስፌት ድሮም የወንድ ሥራ ነው፣ ትተነው በግ ወደ ማድለብ እንዙር ይላል። እኛ የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ እንደመሆናችን ኪሳራውን በቁጥር ጽፈን ማቅረብ እንችል ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ክሩ ለምን እንደተበጠሰ አይናገርም። ስለዚህ ውሳኔ ከመስጠታችን በፊት የስፌትን ታሪክ ከሥሩ ማየት ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ስፌት የማን ነው?

አገራችን ግሸን በታሪክ መጻሕፍት የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በመስቀል ቅርጽ በተሠራው አምባዋ ላይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንዳረፈ የሚታመነው ግማደ መስቀል ነው። ሁለተኛው የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው ይኖሩባት የነበረች አምባ መሆኗ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ ስለዚች የመሳፍንት አምባ ጽፏል። ስለ ልዑላኑና ስለ ጠባቂዎቻቸው የተጻፈ አለ። በዚህ ደጋ ብርድ ለእነሱ የሚሆነውን ጥጥ ባዝታ የፈተለችው ሴት ግን በየትኛውም ገጽ ላይ ስሟ የለም።

በአገራችን የልብስ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። ሴት ጥጡን ትፈለቅቃለች፣ ታባዝታለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ወንዱ ሸማኔ ይሸምናል። መርፌ ይዞ ልብስ መስፋትም በአብዛኛው የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ሲንጀር ሲመጣም ያረፈው በዚያው በወንዱ እጅ ነው። ልጆች ሳለን በደሴም ሆነ በውጫሌ ገበያ በየበረንዳው ሲንጀር የሚረግጡት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ። እናቶቻችን ጨርቁን ይዘው ሄደው ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ይሁን እንጂ «ሰፋ» የሚለውን ቃል እናስተውለው። እናቶቻችን «ስፌት ላይ ነኝ» ሲሉ ሲንጀር ላይ ነኝ ማለታቸው አልነበረም። ወስፌያቸውን ይዘው፣ በስንደዶና በአክርማ ሌማቱን፣ ሰፌዱን፣ መሶቡን እየሰፉ ነው ማለታቸው ነበር። መሶብ የምትሰፋ ሴት ዙሩ እንዳይጠብና እንዳይሰፋ ትለካለች፣ ቀለሙን ትቆጥራለች፣ አንዱን ዙር ከሌላው ጋር በወስፌ እየወጋች ታያይዛለች። ይህ ስፌት ካልሆነ ምን ስፌት ሊባል ነው? ስለዚህ «ስፌት የወንድ ነው» የሚለው አባባል የሚሠራው ለጨርቁ ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው።

መኪናው እንዴት መጣ?

የልብስ ስፌት መኪና የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት አወጣ፤ በፓሪስም የወታደር ልብስ የሚሰፉ መኪናዎች አቆመ። በተከታዩ ዓመት እንጀራችን ሊቀር ነው ብለው የፈሩ ልብስ ሰፊዎች ወርረው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። በኒውዮርክ ዋልተር ሃንት የተባለ ሰው በ1830ዎቹ በሁለት ክር የሚሰፋ መኪና ሠርቶ ነበር። ነገር ግን በመርፌ የሚያድሩ ድሆች ሴቶች ሥራ ያጣሉ ብላ ልጁ ስለመከረችው የፈጠራ መብቱን ሳይጠይቅ ተወው ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። መኪና ሲመጣ ጥያቄው ሁልጊዜ በማን እጅ ይገባል የሚል ነው።

ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የሁለት ክር ስፌትን የፈጠራ መብት አገኘ። የመርፌው ቀዳዳ እንደ እጅ መርፌ በራሱ በኩል ሳይሆን በሹሉ ጫፍ አጠገብ ሆነ። ከላይ የሚወርደው ክር ከታች ቦቢን ከምንላት ማጠንጠኛ ከሚመጣው ክር ጋር ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋል። ዛሬ የምንረግጠው ሲንጀር የሚሰፋው በዚሁ መንገድ ነው። አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የራሱን የተሻሻለ መኪና አስመዘገበ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት በፍርድ ቤት ከተካሰሱ በኋላ በ1856 መብቶቻቸውን በአንድ ላይ አስተባብረው ገቢውን ለመካፈል ተስማሙ።

በዚያው ዓመት የሲንገር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። መኪናው ለአንድ ተራ ቤተሰብ ውድ ነበር፤ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ሲቻል ግን በየቤቱ ገባ። የሽያጭ ወኪሎቹም ዓለምን አዳረሱ። በእኛም አገር የድርጅቱ ስም የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ፤ ማንም ይሥራው ማን የስፌት መኪና ሁሉ «ሲንጀር» ተባለ። እኛም ሁለቱን ሲንጀሮቻችንን የገዛናቸው በየወሩ ካጠራቀምነው ቁጠባ ነው፤ ክላርክ ካሰበው ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ክሩ ለምን ተበጠሰ?

አሁን ወደ ማልያችን እንመለስ። ሲንጀር የተፈጠረው ለተሸመነ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን ድርና ማግ አላቸው፤ ቢጎትቷቸው ብዙም አይለጠጡም። ማልያ፣ ካናቴራ፣ ታይት፣ እህቶቻችን የሚጠቀሙበት የሚለጠጠው ሂጃብም ሳይቀር፣ እንደ ሹራብ በክር ቀለበት የተያያዙ ጨርቆች ናቸው። ሲጎተቱ ቀለበቱ ይረዝማል፣ ሲለቀቁ ይመለሳል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ስፓንዴክስ የሚባለውን ክር ፈጠረ። ከራሱ ርዝመት ብዙ እጥፍ ተስቦ የሚመለስ ክር ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ሲቀላቀልበት ጨርቁ እንደ ላስቲክ ይሆናል።

ሲንጀራችን ግን ቀጥ ብሎ ብቻ ይሰፋል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፌት ላይ ከላይ የተኛው ክር እንዲሁ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልጁ እጁን ሲያነሣ ጨርቁ ወደ 13 ወይም 14 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል፤ ክሩ ግን የሚጨምረው ትርፍ ስለሌለው ይበጠሳል። ማልያችን ላይ የሆነው ይኸው ነው። እጃችን አልሰነፈም፤ መጠባበቂያ የሌለው በጀት ድንገተኛ ወጪ እንደገጠመው ያለ ነው።

መፍትሔው ዚግዛግ ነው። መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘለለ ይሰፋል። ሒሳቡን እንሥራው። መርፌው በአንድ እርምጃ 2 ሚሊ ሜትር ወደፊት፣ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ክሩ በሰያፍ የሚጓዘው ወደ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ስፌት ላይ ከ14 ሳንቲ ሜትር በላይ ክር ይተኛል ማለት ነው። ጨርቁ ሲለጠጥ ሰያፉ እየተቃና ትርፉን ይሰጣል።

ይህን የዚግዛግ መኪና እ.ኤ.አ. በ1873 በአሜሪካ አገር በስሟ ያስመዘገበችው ሴት ናት፤ ሔለን ብላንቻርድ ትባላለች። የአባቷ ንግድ ከከሰረ በኋላ ወደ ፈጠራ የገባች፣ ከሃያ በላይ የፈጠራ መብቶች በስሟ ያስመዘገበች፣ የራሷንም ኩባንያ ያቋቋመች ሴት ነበረች። በ1880ዎቹ ደግሞ የሜሮው ቤተሰብ ድርጅት በኮኔቲከት የጨርቁን ጠርዝ እየዘመዘመ የሚሰፋውን፣ ዛሬ ኦቨርሎክ የምንለውን መኪና አወጣ። ሲንጀር የወንድ ነው ለሚለን ሰው የብላንቻርድን ስም መንገር መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየወረዳው ወጣት ሴቶች ወደዚያ ወረዱ፤ ከእኛም መካከል ሁለት እህቶች ሄደው ኦቨርሎክ ላይ ተቀምጠው ሠርተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያ ከአጎዋ የገበያ ዕድል ወጣች። እህቶቻችን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማልያውን ስንሰፋ እነሱ ቁልፍ ሲተክሉና ልብስ ሲያጥፉ ነበር። «እዚያ የሠሩት አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ ሙሉ ልብስ አያውቁም» ብለን ሳንጠይቃቸው ቀረን። ስፌቱ ከተተረተረ በኋላ አንዷ «እዚያ ማልያ በቀጥ ስፌት አይሰፋም ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ?» አለችን። ዕውቀቱ በመካከላችን ተቀምጦ ነበር። ትልቁ ኪሳራችን ይህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍበት መሥመር ግን የለም።

እነዚሁ እህቶቻችን ከነገሩን ለሁላችንም የሚጠቅመውን እናስፍር። ለሚለጠጥ ጨርቅ ሹል መርፌ አይሆንም፤ የጨርቁን ቀለበት በጥሶ ቀዳዳ ያበጃል። ጫፉ ደብዘዝ ያለና ክብ የሆነው የሹራብ መርፌ ግን በቀለበቶቹ መካከል ገፍቶ ያልፋል። ከጥጥ ክር ይልቅ ጥቂት የሚሰጠው የፖሊስተር ክር ይሻላል። የሲንጀሩ እግር ጨርቁን አጥብቆ እንዳይጫነው ማላላት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስፌቱ እንደ ማዕበል ይጠማዘዛል። ቀጥ ያለ ሲንጀር ብቻ ያላት ሴት ደግሞ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በእጇ በመጠኑ ወጠር አድርጋ፣ በላዩ ሁለተኛ መሥመር ብትደግምበት ለሰፊ ልብስ ይጠቅማታል፤ ለማልያና ለታይት ግን አይበቃም።

ድሪቶ ነውር ነው?

ሁለተኛው ነገር ቁርጥራጭ ጨርቃችን ነው። በጓዳችን ሦስት ጆንያ ሙሉ ተቀምጧል። በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚመጣው ምእመን በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ያድራል። ቁርጥራጩን ገጣጥመን፣ መሐሉ ጥጥ ጨምረን፣ ወፍራም ምንጣፍና ብርድ ልብስ ሠርተን እንሽጥ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ግን አንዲት እናታችን «ድሪቶ ልትሸጡ ነው?» አሉ፤ ነገሩም በሳቅ ታለፈ።

በእርግጥ ድሪቶ የሚለው ቃል የችግር ቃል ነው። በላዩ ላይ እየተደረተ የሚለበስ፣ የደሃ ልብስ ማለት ነው። ግን መደራረብ ራሱ ነውር ከሆነ ጋቢያችንስ? ነጠላ አንድ ነው፣ ኩታ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርብርቡ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ድሪቶም የሚያሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ አንዱ በክብር፣ ሌላው በችግር መደረቡ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ይህን ዓይነቱን ባለ ሦስት ድርብ የተሰፋ ብርድ ልብስ ኩዊልት ይሉታል። ሃሪየት ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች። ከነጻነት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ቁርጥራጭ እየቀረጸች፣ በእጅም በመኪናም እየሰፋች ኩዊልት ሠራች፤ በ1886 በአካባቢዋ የጥጥ ትርኢት ላይ አቀረበችው። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትለምናትም እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጸናባት ግን በአምስት ዶላር ሸጠችው። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚትሶኒያን ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። ሒሳብ ለሚይዝ ሰው ይህ ታሪክ ያማል። ሥራው አልረከሰም ነበር፤ የረከሰው ችግር ላይ ያለች ሴት ብቻዋን ቆማ የምትጠይቀው ዋጋ ነው።

ብቻቸውን ያልቆሙም ነበሩ። በ1966 በአላባማ ገጠር ጥቁር ሴቶች «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ጊዜው ለመምረጥ የተመዘገቡ ጥቁሮች ከሚያርሱት መሬት የሚባረሩበት ነበር። ሴቶቹ ብርድ ልብሶቻቸውን በማኅበር ስም ኒውዮርክ ድረስ ሸጡ፣ መሬት ገዙ፣ በኋላም ሲርስ ከተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ ትእዛዝ ተቀብለው ሠሩ። ከእኛ ጋር የሚያመሳስላቸው መተባበራቸው ነው፤ ዋጋውን የምትወስነው አንዲት የቸገራት ሴት ሳትሆን ማኅበሩ ነበር።

ለዚህ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው ያ «አይረባም» ያልነው ቀጥ ብሎ የሚሰፋ የእግር ሲንጀር ነው። መብራት አይፈልግም፤ ወፍራሙንም ጨርቅ በኃይል ይወጋል። አስቸጋሪው ነገር አንድ ብቻ ነው። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚጎትቱት ጥርሶች ከታች ስላሉ የታችኛው ድርብ ቶሎ ይሄዳል፤ የላይኛውን ደግሞ እግሩ ይይዘዋል፤ መጨረሻ ላይ ድርቡ ይጨማደዳል። ስለዚህ ሦስቱን ድርብ በጠፍጣፋ መሬት ላይ ወጥረን፣ በእጅ በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ወይም በመርፌ ቁልፍ በየስንዝሩ እንይዛለን። መስፋት የምንጀምረው ከመሐል ሆኖ ወደ ዳር ነው። የስፌቱን እርምጃ ወደ 3 ሚሊ ሜትር እናስረዝማለን። ሁለቱንም ድርብ እኩል የሚያራምድ ልዩ እግርም አለ፤ ከሲንጀራችን ጋር የሚገጥም ከተገኘ ይገዛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሁለቱ የእግር ሲንጀሮች አይሸጡ። ብንሸጣቸው ብርድ ልብሱንም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙንም፣ ዚፕና ኮሌታውንም የምንሰፋበት አይኖረንም። ኦቨርሎክ ጠርዝ ይዘመዝማል፣ የሚለጠጠውንም ይሰፋል፤ ግን ብቻውን ልብስ አይጨርስም፤ ሦስትና አራት ማጠንጠኛ ክርም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ዚግዛግ ይሁን፤ እሱ ቀጥታውንም ሰያፉንም ይሰፋል። በእግር የሚረገጥ ዚግዛግም ስለሚገኝ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ኦቨርሎኩ ከትርፉ በኋላ ይምጣ።

የብርድ ልብሱን ዋጋ አንዲት አባል ብቻዋን አትወስን። ለእያንዳንዱ የጥጡ፣ የክሩና የመርፌው ወጪ፣ ከዚያም የሠራንበት ሰዓት በካርድ ይጻፍ። ቁርጥራጩ በነጻ የተገኘ ነው ተብሎ ጉልበታችንም በነጻ እንዳይሄድ። ስሙንም በሚመለከት ድሪቶ ማለቱን የምትፈሩ ሌላ ስም ብታወጡለት አንቃወምም፤ እኛ ግን በስሙ አናፍርም።

ለማልያው ሥራ ደግሞ ከኮምቦልቻ የተመለሱት ሁለቱ እህቶቻችን አሠልጣኝ ይሁኑ፤ ለሚያሠለጥኑበት ቀንም እንደማንኛውም ሥራ ይከፈላቸው። ያንን ትምህርት ቤትም ዳግም ሄደን እናነጋግር። ሥራውን ይስጡን ብለን አንለምንም። አንድ ማልያ በራሳችን ወጪ ሰፍተን እንወስዳለን፤ ልጁ ለብሶት አንድ ጨዋታ ሙሉ ይሩጥ፣ ከዚያ ስፌቱን ራሳቸው ጎትተው ይዩት።

ወስፌ ይዘው ያሳደጉን እናቶቻችን አንድ ዙር ሲበላሽባቸው መሶቡን አይጥሉትም ነበር። ያንን ዙር ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። እኛም የተበላሸብን አንድ ዙር ነው።